የግራ ትንሿ ጣቴና አዲሱ ኪቦርድ

ያመመችኝ ትንሿ ጣቴ ናት፤ የግራ እጄ። መጀመሪያ ማታ ማታ ብቻ ነበር። ቀኑን ሙሉ ስጽፍ ውዬ፣ ኮምፒውተሬን ዘግቼ እራት ላቀርብ ስነሳ ታቃጥለኛለች። ቆይቶ ሕመሙ በመዳፌ ጠርዝ አድርጎ ወደ ክርኔ መውጣት ጀመረ። አንድ ጠዋት የቡና ሲኒ ላነሳ ስል ጣቴ አልታዘዝ አለችኝ። ሲኒው አልወደቀም፤ እኔ ግን በጣም ደነገጥኩ። እንጀራዬ እነዚህ ጣቶች ናቸው።

ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ እተረጉማለሁ። የምሠራው ቤቴ ሆኜ ነው። ቢሮዬ የምግብ ጠረጴዛችን ነው። ጠዋት ቁርስ ይነሳና ላፕቶፑ ይቀመጣል። ማታ ላፕቶፑ ይነሳና እራት ይቀርባል። ስድስት ዓመት እንዲህ ስሠራ ስለ ኪቦርድ አንድም ቀን አስቤ አላውቅም ነበር።

ፊዚዮቴራፒ ሄድኩ። ባለሙያዋ እጄን እያገላበጠች አየች፤ ክርኔን በውስጥ በኩል ስትጫነው ጮህኩ። "በሚቀጥለው ስትመጪ እየሠራሽ ፎቶ ተነሺና አምጪልኝ" አለችኝ። ባለቤቴ በጎን በኩል አነሳኝ። ፎቶውን ሳየው አዘንኩ። አንገቴ ወደ ታች ተቀልሷል። ትከሻዬ ወደ ጆሮዬ ወጥቷል። የእጄ አንጓ ታጥፎ ወደ ላይ ቀና ብሏል። ሁለቱም ክርኖቼ የጠረጴዛው ጠርዝ ላይ ተደግፈዋል።

ለትንሿ ጣትና ለቀለበት ጣት ግማሽ የሚሄደው ነርቭ በክርን ውስጥ በኩል ነው የሚያልፈው። ክርናችንን ግድግዳ ሲመታን እጃችንን የሚያንዘረዝረን እሱ ነው። አውራ ጣት፣ አመልካችና የመሃል ጣት ሲደነዝዙ ደግሞ ነገሩ ሌላ ነው፤ የእነሱ ነርቭ በእጅ አንጓ መሃል ያልፋል። ይህን ያስረዳችኝ ባለሙያዋ ናት። የእኔ ችግር ሁለት ነገር ነው አለች፦ ጠርዝ ላይ የተደገፈው ክርኔና ሥራ የበዛባት ትንሿ ጣቴ። ስለ ክርኑ ወዲያው ገባኝ። ስለ ጣቷ ግን ግራ ተጋባሁ። ከአሥር ጣት ውስጥ ለምን እሷ?

ለጊዜው የታዘዝኩት ግልጽ ነበር። ላፕቶፕ ላይ ስክሪንና ኪቦርድ አንድ ላይ ናቸው። ስክሪኑን ለዓይን ልክ ካደረጉት ኪቦርዱ ደረት ጋ ይወጣል። ኪቦርዱን ለክርን ልክ ካደረጉት ስክሪኑ ሆድ ጋ ይወርዳል። ስለዚህ ላፕቶፑን ከፍ ማድረግና ለብቻው የሚሰካ ኪቦርድ መግዛት።

መገናኛ ወርጄ መጀመሪያ ያየሁትን ገዛሁ። ከአውሮፓ የመጣ ስላሽ፣ ማለትም ያገለገለ ዕቃ ነው፤ ንጹሕ፣ ከባድ፣ ጠንካራ። ባለሱቁ "ይሄ ኦሪጅናል ነው" አለኝ። እውነቱን ነበር፤ ዕቃው ጥሩ ነው። ቤት ገብቼ ስጽፍ ግን አማርኛዬ ተበላሸ። "ጠላ" ልጽፍ ስል "ተላ" ይሆናል። "ጨው" ልጽፍ ስል "ቸው"። "አማርኛ" የሚለውም "አማርና" ሆኖ መሃሉ ላይ አንድ የተጋደመ ሰረዝ ይገባበታል። ሁለት ቀን ሙሉ ጥፋቱ የሶፍትዌሩ መሰለኝ። አማርኛ የምጽፍበትን ሶፍትዌር፣ ኪማንን፣ አጥፍቼ እንደገና ጫንኩ። ለውጥ የለም።

በሦስተኛው ቀን አቀርቅሬ ኪቦርዱን አየሁት። በግራ በኩል ያለው ሺፍት አጭር ነው፤ የላፕቶፔ ሺፍት ግማሽ እንኳ አይሆንም። በእሱና በዚዷ መካከል እኔ የማላውቀው አንድ ተጨማሪ ቁልፍ ገብቷል። ጣቴ ሺፍትን የነካች እየመሰላት የምትጫነው ያንን ቁልፍ ነው። "ጠ" የሚጻፈው ደግሞ ሺፍትን ይዞ ቲን በመንካት ነው፤ ያለ ሺፍት "ተ" ይሆናል። ኋላ ሳጣራ ይህ የአውሮፓ አሠራር መሆኑ ገባኝ። የአሜሪካው ኪቦርድ የግራ ሺፍቱ ረጅም ነው፤ ተጨማሪዋ ቁልፍ የለችም። ከአውሮፓ በሚመጡት ላይ ግን አብዛኛውን ጊዜ አለች። ስላሽ ኪቦርድ ወይም ስላሽ ላፕቶፕ ስትገዙ ከሁሉ በፊት ሺፍትና ዚድ መካከል ተመልከቱ።

ያ ኪቦርድ ያስተማረኝ ግን ከዚህም በላይ ነው። ሺፍትን ምን ያህል እንደምፈልጋት በፊት አላውቅም ነበር።

ቆጠራ የጀመርኩት ያኔ ነው። ወረቀትና እርሳስ ይዤ የምጽፈውን ቃል በየቁልፉ መፈታታት ጀመርኩ። እኔ እንደብዙዎቻችን በድምፁ ነው የምጽፈው፤ ተነባቢውን በእንግሊዝኛ ፊደል እነካለሁ፣ ከዚያ አናባቢውን። ሳድስ ከሆነ አናባቢ አያስፈልገውም። "አማርኛ" የሚለውን ቃል ውሰዱ። ኤ፣ ኤም፣ ኤ፣ አር፣ ከዚያ ለ"ኝ" ሺፍትን ይዞ ኤን፣ በመጨረሻ ኤ። ሰባት ጊዜ መንካት ነው። ከሰባቱ አራቱ፣ ሦስቱ ኤና ሺፍቷ፣ የግራ ትንሿ ጣት ናቸው። የቋንቋዬን ስም በጻፍኩ ቁጥር ከግማሽ በላዩን የምትሸከመው እሷ ናት።

ቁጭ ብዬ ቀጠልኩ። ኤ የራብዕ አናባቢ ናት። ማንኛውንም የአማርኛ መስመር ወስዳችሁ ራብዖቹን ብትቆጥሩ ምን ያህል እንደሚበዙ ታያላችሁ፤ ላ፣ ማ፣ ና፣ ያ፣ ዳ። ሁሉም የትንሿ ጣት ናቸው። ቀ የምትጻፍበት ኪውም የእሷ ናት። ዘ የምትጻፍበት ዚድም የእሷ። ስለዚህ "ቃ" እና "ዛ" ሲመጡ ያቺው አንዲት ጣት ሁለት ጊዜ ትነሳለች፤ መጀመሪያ ለተነባቢው፣ ወዲያው ለአናባቢው። አራት ነጥብ ደግሞ እኔ በምጠቀምበት አጻጻፍ ሁለት ነጥብን ደጋግሞ በመንካት ነው የሚመጣው። ሁለት ነጥብ ያለ ሺፍት አይገኝም። የግራ ጣቴ ሺፍትን ይዛ ትቆያለች፣ የቀኟ ሁለት ጊዜ ትነካለች። ዓረፍተ ነገር በጨረስኩ ቁጥር ማለት ነው።

ከዚያም "ተደረገ" ላይ ደረስኩ። ቲ፣ ኢ፣ ዲ፣ ኢ፣ አር፣ ኢ፣ ጂ፣ ኢ። ስምንቱም ግራ እጅ ናቸው። ቀኝ እጄ ምንም ሥራ የለውም፤ ቁጭ ብሎ ይጠብቃል። "ተጠበቀ"ም እንዲሁ ነው፤ ስምንቱም የግራ ሆነው ለ"ጠ" ሺፍት ይጨመርበታል። "ተሰደደ"፣ "ተገደደ"፣ "ተሰበረ"... የተደራጊ ግሦቻችን ግራ እጅ ላይ ይከመራሉ።

ይህ ማንም አስቦ ያደረገው አይደለም። የዚህን ኪቦርድ አደራደር የሠራው አሜሪካዊው ክሪስቶፈር ሾልስ ነው፤ የሚልዋኪ ሰው። ሬሚንግተን ያመረተው የጽሕፈት መኪና እ.ኤ.አ. በ1874 ለገበያ ቀረበ። በእንግሊዝኛ ለሚጽፉ የተሠራ ነው። የእኛ ፊደል 33 መደብ በሰባት ሲባዛ 231 ነው፤ ዲቃሎቹን ሳንቆጥር። ኪቦርዱ ላይ ግን ለፊደልና ለምልክት ያለው ቦታ 50 እንኳ አይሞላም። ስለዚህ ፊደሉን እየቆራረጥን፣ በተነባቢና በአናባቢ፣ እዚያው ላይ አስገባነው። የአማርኛ የጽሕፈት መኪና ሲነሳ ስማቸው የሚነሳው ኢንጂነር አያና ብሩም የታገሉት ከዚሁ ጥያቄ ጋር ነው፤ ይህን ሁሉ ፊደል በጥቂት ቁልፍ እንዴት እናድርሰው? እኔ በበኩሌ አጻጻፉን እወደዋለሁ። ፈጣን ነው፣ ይገባል። ክብደቱ የት ላይ እንደሚያርፍ ግን ማወቅ ነበረብኝ።

የኪቦርድ ምክር በእንግሊዝኛ ሞልቷል። ብዙ አነበብኩ፣ ጠቅሞኛልም። ግን አንዱም ስለ "ኛ" አይናገርም። በአማርኛ ለሚጽፍ ሰው የሚመች ኪቦርድ የትኛው ነው ብትሉኝ መልሴ ከዚያች ጣት ነው የሚነሳው።

መፍትሔውን ግማሽ ያገኘሁት ልደታ ፍርድ ቤት አካባቢ ነው። የተረጎምኩት ሰነድ ላይ አንድ ስም መስተካከል ነበረበትና በችኮላ ወደ አንዲት የጽሕፈት ቤት ገባሁ። እዚያ ሰፈር እንደምታውቁት ክስ፣ መልስ፣ ይግባኝ የሚጽፉ ጠባብ ጠባብ ክፍሎች አሉ። የሚጽፉት ሴት ጠና ያሉ ናቸው። ኪቦርዳቸው ተራ ነው፤ ፊደሎቹ ተፍቀው ጠፍተዋል። እሳቸው ግን አያዩትም። ዓይናቸው ባለጉዳዩ ላይ ነው፣ ጣታቸው ይሮጣል።

እጃቸውን ሳይ አንድ ነገር ለየሁ። "ጠ" ሲጽፉ የሚይዙት የቀኙን ሺፍት ነው። "ጨ"ም ሲመጣ እንዲሁ። የግራውን የሚይዙት ለ"ኘ"ና ለአራት ነጥብ ብቻ ነው። እኔ በሕይወቴ የቀኙን ሺፍት ነክቼ አላውቅም።

"እትዬ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ይህን የት ተማሩት?" አልኳቸው።

"ምኑን?"

"የቀኙን ሺፍት።"

እጃቸውን አቆሙ። "ታይፕ ስንማር እንዲህ ነው የተማርነው። ፊደሏ ግራ ከሆነች ሺፍቱ ቀኝ፣ ፊደሏ ቀኝ ከሆነች ሺፍቱ ግራ። አንዱ እጅ ብቻውን አይሠራም፣ የኔ ልጅ።" ጣቴን እንዳመመኝ ነገርኳቸው። እጄን ያዙና የክርኔን ውስጥ በአውራ ጣታቸው ጫን አደረጉት፤ ልክ እንደ ፊዚዮቴራፒ ባለሙያዋ። "እዚህ ነው አይደል?" አሉኝ። እሳቸውንም በወጣትነታቸው አሟቸው ነበር።

ያን ቀን ማታ የቀኙን ሺፍት መልመድ ጀመርኩ። አስቸጋሪ ነው። ስድስት ዓመት የለመደ እጅ በቀላሉ አይመለስም። ሦስት ሳምንት ፈጀብኝ፤ የመጀመሪያው ሳምንት ሥራዬ በግማሽ ቀነሰ። ግን ኪቦርድ ስመርጥ ምን እንደማይ አሁን አወቅሁ። ሁለቱም ሺፍቶች ረጅም መሆን አለባቸው። የግራውን የአውሮፓው አሠራር ያሳጥረዋል። የቀኙን ደግሞ የሚያሳጥሩት ትናንሾቹ ኪቦርዶች ናቸው፤ ቀስቶቹን ለማስገባት ሲሉ ከሺፍቱ ይቆርጣሉ። ሲያዩዋቸው ያምራሉ፣ ቦርሳም ውስጥ ይገባሉ። እኔ ግን ለአማርኛ ጸሐፊ አልመክራቸውም።

ከዚያ በኋላ ያለው የክብደት ጉዳይ ነው። ወንድሜ ጌም ይጫወታል። ሜካኒካል ኪቦርዱን ለአንድ ሳምንት ለመንኩት። ሜካኒካል ማለት በየቁልፉ ሥር የራሱ ስፕሪንግ ያለው ነው፤ በተራዎቹ ሥር ያለው ግን ፕላስቲክና ጎማ ነው። የሜካኒካሎቹ ስዊች በቀለም ይጠራል። ቼሪ የሚባለው የጀርመን ኩባንያ ያስለመደው ነው፤ አሁን ቻይናዎቹም በዚያው ቀለም ይሠራሉ። የወንድሜ ሰማያዊው ነበር። ደስ የሚል ስሜት አለው፤ ቁልፉ መመዝገቡን ጣትም ጆሮም ያውቃሉ። ችግሩ ድምፁ ነው። ልጄ የምትተኛው ከጠረጴዛው አራት እርምጃ ርቃ ነው። በሁለተኛው ማታ ነቅታ "እማዬ ምንድን ነው የሚንኳኳው?" አለችኝ።

ሌላው ችግር ሰማያዊው ከበድ ይላል። የቼሪውን ለመጫን 60 ግራም ያህል ኃይል ይፈልጋል። ቀዩ 45 ያህል ነው። ልዩነቱ በአመልካች ጣት አይታወቅም። በትንሿ ጣት፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት በኋላ፣ በደንብ ይታወቃል። ቀዩን አንድ ሱቅ ውስጥ ሞከርኩት። እሱ ደግሞ ለእኔ በጣም ቀለለ፤ ጣቴን ኤ ላይ ሳሳርፋት ሳላስበው "አ" ይጻፋል። የቀረኝ ቡናማው ነበር። ድምፁ ዝቅ ያለ ነው፤ መሃል ላይ ትንሽ እንቅፋት አለችው፣ መመዝገቡን በዚያ ታውቃላችሁ። ሜካኒካል የግድ ነው አልልም። ለስላሳ የሆነ ተራ ኪቦርድም ይበቃል። ብቻ በትንሿ ጣታችሁ ሞክሩት። ሰው ሱቅ ገብቶ የሚሞክረው በአመልካች ጣቱ ነው።

ለሁለት የተከፈለውንም ሞክሬያለሁ። የአክስቴ ልጅ ከአሜሪካ፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ለገና ስትመጣ የራሷን ይዛ ነበር። ማይክሮሶፍት እንዲህ ያለውን መሸጥ የጀመረው በ1994 እ.ኤ.አ. ነው፤ አዲስ ነገር አይደለም። ሐሳቡ ጥሩ ነው፤ ክንዳችን ከትከሻችን ወርዶ በቀጥታ ይመጣል፣ አንጓችን ወደ ውጭ አይጣመምም። ትከሻዬ በሁለት ቀን ውስጥ ልዩነት ታወቀው። ሠፊ ጠረጴዛ ያለው ሰው ቢያስብበት ደስ ይለኛል። የእኛ ግን በቀን ሁለት ጊዜ የሚጠረግ የምግብ ጠረጴዛ ነው። እሷም ይዛው ተመለሰች።

በመጨረሻ የገዛሁት ቦሌ ነው። ባለሱቁን "ካርቶኑን ክፈትልኝ" አልኩት። ደስ አላለውም፤ ግን ከፈተ። መጀመሪያ ሺፍቶቹን በዓይኔ ለካሁ። ከዚያ ቆሜ "አማርኛ"ን ደጋግሜ ጻፍኩ፣ "ተጠበቀ"ን፣ አራት ነጥቡን። ስክሪን ላይ የሚታይ ነገር የለም፤ ጣቴ ብቻ ነው የሚመልሰው። ቡናማ ስዊች ነው፣ 87 ቁልፍ። በቀኝ በኩል ያለው የቁጥር ሰሌዳ የለውም። እሱ በመቅረቱ ማውሱ ቀረበልኝ፤ ቀኝ ትከሻዬ አሁን አይዘረጋም። ሒሳብ የሚሠራ ሰው ግን ቁጥሩን እንዳያጣ።

በገመድ የሚሰካውን መረጥኩ። ገመድ አልባው ጠረጴዛውን ያጸዳል፤ ግን የባትሪ ድንጋይ ወይም ቻርጅ ይፈልጋል። የገመዱ ከላፕቶፑ ነው የሚበላው፤ የሚወስደውም ጥቂት ነው። መብራት ሲጠፋ ላፕቶፑ እስካለ ድረስ እሱም አለ። ከሥር የሚያበራውን ብርሃን አጥፍቼዋለሁ።

ኪቦርዱ ከተገዛ በኋላ የቀረው ሥራ ይበልጥ ጠቀመኝ። ከኪቦርዱ ጀርባ ያሉትን ሁለት እግሮች አጠፍኳቸው። ሁሉም ሰው ይዘረጋቸዋል፤ ሲዘረጉ የኋላው ከፍ ይልና አንጓችን ወደ ላይ ይሰበራል። ላፕቶፑን አራት ወፍራም መዝገበ ቃላት ላይ አወጣሁት፤ የስክሪኑ የላይኛው ጠርዝ ከዓይኔ ጋር ተካከለ። ጠረጴዛው ለእኔ ከፍ ይላል። ስለዚህ ወንበሩ ላይ ጠንካራ ትራስ ጨመርኩ፤ ክርኔ ከቁልፎቹ ጋር እኩል ሆነ፣ ጠርዝ ላይ መደገፉም ቀረ። ያኔ ደግሞ እግሬ ተንጠለጠለ። ከቡናው ረከቦት አጠገብ የነበረችውን ዝቅተኛ በርጩማ እግሬ ሥር አስገባሁ። ልክ ሆነች። ቡና ሲፈላ ትወጣለች፣ ሲያበቃ ትመለሳለች።

ዊንዶውስ ለምትጠቀሙ አንድ ነገር ልጨምር። ሺፍትን አምስት ጊዜ በተከታታይ ብትነኩ ስቲኪ ኪስ የሚባለውን ላብራላችሁ ወይ ብሎ ይጠይቃል። ሁላችንም ተበሳጭተን ነው የምንዘጋው። ለታመመ ጣት ግን መድኃኒት ነው። ሲበራ ሺፍትን ይዞ መቆየት አያስፈልግም፤ ነክቶ መልቀቅ፣ ከዚያ ፊደሏን መንካት። ሕመሙ በጸናብኝ ሁለት ወር ያሠራኝ እሱ ነው። አሁን አጥፍቼዋለሁ።

ጣቴ ሙሉ በሙሉ አልዳነችም። ረጅም ቀን ሲሆን ማታ ትነግረኛለች። ክርኔ ግን ካመመኝ አምስት ወር አለፈ። ሲኒዬንም በግራ እጄ አነሳለሁ።

ባለፈው ሳምንት ልደታ ሥራ ነበረኝ። ኪቦርዱን በፌስታል ጠቅልዬ ይዤው ሄድኩ፤ እኚያ እናት እንዲሞክሩት ፈልጌ ነበር። ባለጉዳይ እስኪመጣ ሰካንላቸው። ቀና ብለው ተቀመጡና ያለ ምንም ማየት "ለፌዴራል የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት፣ ልደታ ምድብ ችሎት፣ አዲስ አበባ" ብለው ጻፉ። አንድም ስሕተት የለውም። የቀኙን ሺፍት በትንሿ ጣታቸው ሁለት ጊዜ ነካ ነካ አደረጉት።

"ይቀላል" አሉ። "ይሄን ያኔ ባገኘው።"

ልተውልዎት አልኳቸው። እምቢ አሉ፤ የራሳቸውን መልሰው ሰኩ። "አንቺ ገና ብዙ ትጽፊያለሽ" አሉኝ። ከዚያ በሩ ላይ የቆመውን ሰውዬ "ግባ፣ ምንድን ነው ጉዳይህ?" ብለው ወንበር ሳቡለት።